በፊት በር

ያለፈው ክፍል ላመለጣችሁ ባጭሩ ልበል፤ ዛሬ ወሬዬ ብዙ ነው። እኔ አዋላጅ ነኝ። ከየአፍሪካ አገሩ የተሰባሰብን ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ እየበላንና እያደርን እውነተኛ ታሪክ መጻፍ የምንማርበት አውደ ጥናት ላይ ነው ያለሁት። እዚህ ልቦለድ ክልክል ነው። ቅጠል ካልወደቀ ወደቀ አይባልም። የመኝታ ጓደኛዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ሥራዋ ሰው የተናገረውን ቃል በቃል መመዝገብ ስለሆነ ሁላችንም «ችሎት» እንላታለን። ከአንድ አገር የመጣነው እኔና እሷ ብቻ ነንና አንድ ክፍል ሰጡን። የጻፈችው ስለ እናቷ ነው። እናቷ ጉልምስናቸውን ሙሉ በአንድ ባለጸጋ ቤት ወጥ ቤት ሆነው ሠርተዋል፤ እሷም ያደገችው ከዚያው ቤት ጀርባ ባለች ሰርቪስ ክፍል ነው። ታዲያ የጌቶቹን ልጅ ወደደችው። እሱም ወደዳት። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተቆራርጠዋል፤ ለምን እንደሆነ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ቤታችን ድሮ የባቡር ሠራተኞች ማደሪያ ነበር አሉ። ረጅም በረንዳ፣ የሚንቋቋ ወለል፣ መሀል ላይ ደግሞ ሁላችንን የሚያስቀምጥ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አለው። ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠን የጻፍነውን እናነባለን። እኔ እንግዲህ ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ቆሜ የምቀበል ሴት ነኝ፤ በቀላሉ አይደንቀኝም። እዚህ ግን አፌን ከፍቼ ነው የምውለው። ከጎኔ የምትቀመጠው ፓይለት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አውሮፕላን ያሳረፈችበትን ቀን ስታነብ ማጨብጨብ እንኳ ጠፋብን። ዓሣ ነጋዴዋ ሐይቅ የወሰደውን ባሏን የጻፈች ዕለት ሻያችን ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። የምንግባባው በተዋስነው ቋንቋ ነው፤ ስንስቅና ስንናደድ ግን እያንዳንዷ ወደ እናቷ ቋንቋ ትሮጣለች። የሚያስተምሩን ዕድሜ ልካቸውን ጋዜጣ ላይ የሠሩ ጥጥ ጸጉር ሴት ናቸው። «ዝናብ ነበር» ብለሽ ካነበብሽ «ማስረጃሽ?» ይላሉ። ስለዚህ እትዬ ማስረጃ አልናቸው፤ ሰምተው ስቀዋል።

የቤቱ ሕግ እንዲህ ነው። ጽሑፍሽ መጽሐፉ ውስጥ ከመታተሙ በፊት የመኝታ ጓደኛሽ ታጣራዋለች። ጽሑፉ ውስጥ ላሉት ሰዎች ሁሉ ትደውላለች፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ታነብላቸውና «ትክክል ነው?» ትላለች። አንቺ በዚያ ሰዓት አጠገቧ አትደርሺም። እሷም የሰማችውን ጠረጴዛው ላይ እስከሚነበብበት ቀን ድረስ ለማንም ትንፍሽ አትልም። ሰው ስህተት ነው ያለው ይሰረዛል ወይም ይታረማል።

የችሎትን ጽሑፍ ሳነብ የቆምኩባት ቦታ ይህች ናት፦

«እሁድ ነበር። ዛሬ ለእናቴ እነግራታለሁ ብሎኛል። እኔ ማዕድ ቤቱ በር ሥር ሳህን ይዤ ቆሜ እሰማለሁ። እናቱ ገበታው ላይ ‘ያሰብካት ልጅ የለችም ወይ?’ አሉት። ብርጭቆውን አነሳ፣ ውሃ ጠጣ፣ ምንም አልመለሰም። አፈረብኝ። ሳህኑን አስቀመጥኩና በጓሮ በር ወጣሁ። በዚያ ቤት እኔና እናቴ የምናውቀው በር እሱ ብቻ ነበር።»

«ለእሱም መደወል ግዴታ ነው እንዴ?» አለችኝ ችሎት፣ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ።

«ጽሑፉ ውስጥ ውሃ እየጠጣ እኮ ነው!»

«ስሙን አልጻፍኩም።»

«ስሙ ባይኖርም ሰውዬው አለ። ቁጥሩን አምጪ።»

ግድግዳውን እያየች ቁጥሩን ጠራችልኝ። ስልኳን አልነካችም። ወረቀትም አላየችም። ጽፌ ስጨርስ ቀና ብዬ አየኋት።

«አንቺ! ከስልክሽ ላይ አጥፍቼዋለሁ አላልሽኝም?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ታዲያ በቃልሽ ያዝሽው?»

«ዝም ብለሽ ደውይ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ይክዳል፤ ታያለሽ። ከፈለገ ይካድ። እኔ የሱ ነገር ከሆዴ ከወጣ ቆይቷል።» ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር፤ ጆሮ ደግሞ መዋሸት አያውቅም።

ኔትወርክ ያለው አንሶላ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ገብቼ በሩን ዘጋሁና ደወልኩ። እሱ የድልድይ መሐንዲስ ነው። ሲያነሳው ሲሚንቶ የሚያቦካ ማሽን ይጮሃል፣ ሰዎች ይጯጯሃሉ። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደደወልኩ ነገርኩት። ጩኸቱ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ ከሰው እየሸሸ መሆኑ ገባኝ።

«ደህና ናት?» አለኝ።

«ጠያቂዋ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ልክ ነዎት፤ ይቅርታ። ይጠይቁ።»

ማንበብ ጀመርኩ። እሁድ ነበር? ትክክል። ዛሬ እነግራታለሁ ብሏል? ብያለሁ። ብርጭቆ አነሳ? አነሳሁ። ምንም አልመለሰም? አልመለስኩም። ሁሉንም እንደ ጥሩ ተማሪ ቀጥ ብሎ መለሰ። ከዚያ «አፈረብኝ» የሚለው ላይ ደረስን።



«አቤት? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም። እሱን አልመልስም።»

«ትክክል ነው ማለትዎ ነው?»

«አላልኩም።»

«ትክክል አይደለም ነው የሚሉት?»

«እሱንም አላልኩም። የሰው አደራ አለብኝ።»

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል አልነበርኩም። እርስዎ ማለቱንም ረሳሁት። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ይታተማል! ስምህ ባይኖር የሚያውቅህ ያውቅሃል። እናትህ እጅ ይገባል፣ የሥራ ባልደረባህ እጅ ይገባል። ፈሪ ተብለህ መቅረትህ ነው።»

«እንዳለ ይታተም።»

«እንዴት ያለ ሰው ነህ!»

«ሰው አምኖ የሰጠኝን ቃል በልቼ ስሜን ባጸዳ ምን ረባኝ?» ድምፁ ትንሽ ሻከረ። «አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። ሳህኑን ያስቀመጠችው ጠርዝ ላይ ነበር። እሷ እንደወጣች ወድቆ ተሰበረ። ከገበታው ተነስቼ ገብቼ የለቀምኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ ይጻፍልኝ ነው የምትለው?»

«አይ። ልክ እንዲሆን ብዬ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንሶላው ክምር ላይ ዝርግፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ወንድ ልጅ ስሙን ለማዳን ስንት ሲቀጥፍ ሰምቻለሁ፤ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ የማይሰማ ጉድ የለም። ስሙ ሊጠፋ እያየ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። እንባዬ ሲመጣ ራሴን ተቆጣሁ፤ እኔ አጣሪ እንጂ አልቃሽ አይደለሁም።

ክፍላችን ስገባ ችሎት ፊቴን እንደ ምስክር ፊት አገላብጣ አየችው።

«ምን አለ?»

«ሕግ ነው፤ አልናገርም።»

«ፊትሽ ላይ አለ።»

«ፊቴ ላይ ያለው የምሳ ሾርባ ነው። ተይኝ።»

ተወችኝ። ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች፤ አንዱኑ ሸሚዝ ደጋግማ ስታጣጥፈው አየኋት። ከዚያ ሳታየኝ፣ ቀስ ብላ፣ «ደህና ነው ግን?» አለች። እሱም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው ልላት አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ያን ያህል መራራ ነገር ውጬ አላውቅም።

ቀጥሎ የደወልኩት ለእናቷ ነው። አሁን ጡረታ ወጥተው ሌላ ከተማ፣ አንዲት ትንሽ የራሳቸው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ «ልጄ» ሲሉኝ ገና እጅ ሰጠሁ። ስለ ልጅነቷ የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ መጡ፤ አንዳንዱ ላይ ሳቁ። ከዚያ መጨረሻ አካባቢ አንዲት ምንም የማትመስል ዓረፍተ ነገር አለች።

«‘ጣራዋ ሲያፈስ ጎረቤት እየመጣ ይጠግንላታል።’ ትክክል ነው እማማ?»

የለመድኩት «እውነት ነው» አልመጣም።

«እማማ?»

«እሷን… እለፊያት ልጄ።»

«ማለፍ አይቻልም እማማ። ሕጋችን ነው።»

«ጎረቤት አይደለም» አሉኝ። «እሱ ነው። ጣራዬን የሚጠግነው እሱ ነው።»

እንዲያው በዕቃ ቤቱ ውስጥ አየሩ ያለቀ መሰለኝ። «የትኛው እሱ?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

ተናገሩ። አንዴ ከጀመሩ በኋላ ማን ያቁማቸው። ቃላቸውን እያለቀስኩ ጻፍኩት፤ እዚህ አልደግመውም፣ ጠረጴዛው ላይ ሲነበብ አብራችሁ ትሰማላችሁ። ሲጨርሱ «ይህን ሰው ፊት ላንብበው ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው።

«አንብቢው። እኔ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ሰው ፊት የተነበበ ቃል ግን ታምናለች፤ የፍርድ ቤት ሰው አይደለች?» አሉና ተነፈሱ። «እሱንም ፈታሁህ ብለውሃል በይልኝ። አሰርኩት እኮ ልጄ፤ ባለማወቄ አሰርኩት።»

የጠረጴዛው ቀን ጠዋት ችሎት ጸጉሯን ጥብቅ አድርጋ ሠርታ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ፍርድ ቤት የምትሄድ ነው የምትመስለው። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

ዓረፍተ ነገሩን አነባለሁ፣ «ተረጋግጧል» እላለሁ። አነባለሁ፣ «ተረጋግጧል»። ሰርቪስ ክፍሏ፣ የእናቷ ሽርጥ፣ የጓሮው ቧንቧ። እሷ በእርሳሷ ምልክት ታደርጋለች። እሁዱ ተረጋገጠ። ውሃው ተረጋገጠ። ዝምታው ተረጋገጠ።

«‘አፈረብኝ’» አልኩ። «አልተረጋገጠም።»

ችሎት ቀና አለች። «ካደ አይደል? ብዬሽ ነበር!»

«አልካደም። አልመልስም አለ። እንዳለ ይታተም አለ።»

እትዬ ማስረጃ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማፈሩን ማን ነገረሽ ልጄ?»

«ውሃ ሲጠጣ አየሁታ!»

«ውሃውን ጽፈሽዋል፤ እሱ ተረጋግጧል። ማፈሩን ነው የምጠይቅሽ። አንቺ ችሎት ላይ ምስክር ‘ሳየው ያፈረ መሰለኝ’ ቢል ‘አፈረ’ ብለሽ ትመዘግቢያለሽ?»

«አልመዘግብም» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ሳህኑ ላይ እርማት አለ፤ ጠርዝ ላይ ነበርና አንቺ እንደወጣሽ ወድቆ ተሰበረ፣ የለቀመው እሱ ነው። የሚቀጥለው እርማት» አልኩ፣ ወረቀቱን ገልብጬ። «‘ጎረቤት ይጠግንላታል’ የሚለው ስህተት ነው። እናትሽ ያሉትን እንዳለ አነበዋለሁ።»

የእናትየውን ቃል በራሳቸው ቋንቋ ነው ያነበብኩት። ከእኔና ከእሷ በቀር ጠረጴዛው ላይ አንድም የገባው ሰው አልነበረም። እንዲህ ይላል፦

«ያን እሁድ ጠዋት ማዕድ ቤት መጣ። ፊቱ በርቷል። ‘ዛሬ ለእናቴ እነግራታለሁ’ አለኝ። ‘ባሳደግኩህ ይዤሃለሁ’ አልኩት። ‘እኔ ሳህን እያመላለስኩ የልጄን ነገር በዚያ ገበታ ላይ እንዳታነሳ። ወጥ ቤቷ ልጇን ልካ የጌቶቿን ልጅ አጠመደች ይሉኛል። ልጄ በዚህ ቤት ስትገባ ስትወጣ ያደገችው በጓሮ በር ነው፤ ለትዳር በጓሮ በር አትገባም። መጀመሪያ እኔ ከዚህ ቤት ልውጣ። የራሴ ቤት ይኑረኝ። ያኔ ና፣ በፊት በር ግባ፣ እንደ ማንም ሰው ልጅ ጠይቀኝ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ አትበል። ለእሷማ ጭራሽ፤ ጠባይዋን አውቃለሁ፣ ገበታውን ነው የምትገለብጠው።’ እሺ እማማ አለኝ። እናቱ ሲጠይቁት ያን ውሃ የጠጣው ለእኔ ብሎ ነው። እሷ ሄደች። እኔ ቤት ከያዝኩ ወዲህ እየመጣ ጣራዬን ይጠግናል፤ ‘ሰማች?’ ይለኛል፣ ‘አልሰማችም’ እለዋለሁ። ስሙን እንዳነሳ አትፈቅድልኝም። ኋላማ ፈራሁ፤ ብነግራት እሷንም የማጣት መሰለኝ። ልጄ ይቅር ትበለኝ። እሱ አንድ ቀን አላፈረባትም።»

ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ፓይለቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ዓሣ ነጋዴዋ አንዲት ቃል ሳይገባት እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ከስንት አገር የመጡ ሴቶች፣ በማያውቁት ቋንቋ የአንዲት እናት ቃል ሲነበብ ትንፋሻቸውን ይዘው ሰሙ፤ እኔ ይህን ያየሁ ሰው ነኝ፣ ከእንግዲህ ምን ይደንቀኛል?

ችሎት አላለቀሰችም። እርሳሷን አነሳችና «አፈረብኝ» የምትለውን ቃል ሰረዘቻት። ደግማ ሰረዘቻት። ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘቻት። ከዚያ ተነስታ ወደ በረንዳው ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ደውይልኝ» አለችኝ።

«ራስሽ ደውይ እንጂ! ቁጥሩን እንደሆነ በቃልሽ ታውቂዋለሽ።»

«ሕጉ ነው። ጸሐፊዋ ለራሷ ሰው አትደውልም።» የተቀደደው ወረቀት ጠርዝ ላይ ጽፋ ዘረጋችልኝ። «አዲስ ዓረፍተ ነገር አለኝ። አንብቢለት።»

ደወልኩ። ጣቴ ስቶ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው፤ ልዘጋው ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አጣሪዋ ነኝ» አልኩት። «አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ገብቷል። ‘ልጠይቀው ሲገባኝ ሳልጠይቀው ፈረድኩበት።’ ትክክል ነው?»

የድልድዩ ጩኸት ብቻ ተሰማ። ከዚያ እሱም ጠፋ።

«እሳቸው ነገሯችሁ?» አለ።

«ነገሩን። ፈትቼሃለሁ ብለውሃል።»

ትንፋሹ ሲወጣ ተሰማን፤ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነበር። «እዚያ አለች?»

አጣሪ አይዋሽም። «አለች» አልኩት።

ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ሁለት ዓመት የታፈነ ነገር ከየት ይጀመራል? እኔ «ይቅርታ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ «ሳህኑን ለምን ለቀምከው?» አለችው።

እሱም እንዳልገረመው ሁሉ «እናትሽ እንዳይለቅሙት» አላት።

«እናትህ እያዩህ?»

«እያዩኝ። ‘ተወው፣ ሠራተኛዋ ታንሳው’ አሉኝ። ለቀምኩት።»

ይሄኔ ነው እንባዋ የመጣው። በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደገፈች። ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ የእሷን ስብርባሪ ተንበርክኮ የለቀመ ሰው ነበር፤ እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ጓሮውን አልፋ እየረገመችው ትሄዳለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እናትሽ አሁን ያሉበት ቤት ስንት በር አለው?»

«እያወቅከው!» አለች፣ በእንባዋ መሀል ቁጣዋ ብቅ ብሎ። «ጣራው ላይ የምትወጣው አንተ አይደለህ እንዴ!»

«ካንቺ ልስማ ብዬ ነው።»

«አንድ ነው ያለው። አንድ በር ብቻ።»

«እንግዲያው እሱ ነው የፊት በሩ» አለ። «ከዚያ ስትመለሺ እመጣለሁ። ከእናቴ ጋር ነው የምመጣው፤ እምቢ ካሉም ብቻዬን። አንኳኩቼ ነው የምገባው። ትኖሪያለሽ?»

ያቺ የሰው ሁሉ ቃል የምትመዘግብ ሴት አንዲት ቃል አጣች። ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች፤ ትነቀንቃለች፤ እንባዋ ስልኩ ላይ ይንጠባጠባል።

«አቤት? አለሽ?» ይላል እሱ። «ትኖሪያለሽ ወይ?»

እኔ መታገስ አቃተኝ። «እየነቀነቀች ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ራሷን እየነቀነቀች ነው! እሺ ብላለች! ምስክሯ እኔ ነኝ!»

ዞር ስል ሴቶቹ ሁሉ ከጠረጴዛው ተነስተው በረንዳው በር ላይ ቆመዋል፤ እትዬ ማስረጃ ከፊት ናቸው፣ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ። የተባለው አንድም አልገባቸውም። ግን እያንዳንዷ በእናቷ ቋንቋ እልል አለች።